እስኪበቃው

የምነዳው አውቶቡስ ደቂቃውን ያውቃል፤
ከአፉላ ጣቢያ እስከ ሆስፒታሉ ሃያ ሁለት፣ ይጻፋል፣ ይፈረምበታል።
እትዬ ስንዱ ግን ከነታንያ በስልክ ጠላ ስታስተምረኝ፣
«ጌሾው ስንት ኪሎ?» ብላት፣ «እስኪበቃው» አለችኝ።
«ውሃውስ?» «እስኪረካ።»
«ብቅሉስ?» «ዓይን የለህም አንተ ልጅ? በዓይንህ ለካ!»

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ጠጥቼ እንጂ ጠምቄ አላውቅም፤
በሰርግ በተዝካሩ የተቀዳልኝን ስጨልጥ፣ ማን ደከመበት አልልም።

ከፑሪም ማግስት ጀመርሁ።
ጌሾ ከበርበሬ ነጋዴው፣ በፌስታል፤ ጋን ከየት ይመጣል? በርሜል ለመንሁ
ኪያርና ወይራ በጨው ዘፍዝፎ ከሚሸጠው ከፕሮስፐር።
«በወይራ እጠነው» አለች እትዬ፤ ጭሱን ማለቷ ነበር።
«ይሄ በርሜል ዕድሜውን ሙሉ ወይራ ሲሸት የኖረ ነው» ብላት፣
ዝም አለች። ቆየችና፦ «ሰላጣ ነው የምትሠራው?» አለች።

ገብሱን ነክሬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ መታጠቢያ ቤት አኖርሁት፤
የመጀመሪያው ሻገተ፣ አረንጓዴ ጢም አወጣ፤ ሰው ሳያይ በሌሊት ጣልሁት።
ሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን፣
ነጭ ጥርስ አበቀለ፣ እንደ ሕፃን።
ዩኒፎርሜን እንደ ለበስሁ ተንበርክኬ ጥርሱን ቆጠርሁ፤
በዚያች ማለዳ ከጣቢያው አራት ደቂቃ ዘግይቼ ወጣሁ።

ጣሪያው ላይ፣ በፀሐይ ማሞቂያዎቹ መሃል አሰጣሁት፤
ርግቦች ድርሻቸውን ወሰዱ፤ የተረፈውን አስፈጨሁት።

ከዚያ ሻራቭ ነፈሰ፣ ያ ከምድረ በዳ የሚመጣው፣ ጉሮሮ የሚያንቅ።
በርሜሉ በረንዳው ላይ ያጉረመርማል፤
እኔ ጀማሪው፣ ፈሪው፣ ክዳኑን ሳጠብቅ፣ ሳጠብቅ —
ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቧ! አለ።
ሕንጻው በሙሉ ደረጃው ላይ ፈሰሰ፤
በዚህ አገር እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ ተኝቶ ያደረ ማን አለ?
ሳይረን ግን የለም።
ዚናይዳ ከሦስተኛ ፎቅ፣ በአንድ እጇ ድመቷን፣ በአንዱ መድኃኒቷን አንጠልጥላ
በሬን ገፋች፤ ከበረንዳዬ ኮርኒስ ጌሾ ይንጠባጠባል።
አሸተተች። ጣቷን ነክራ ላሰች።
«ክቫስ!» አለች፣ ዓይኗ ሞላ፤
አባቷ ከአጃ ዳቦ ይጠምቅ እንደ ነበር በእጇ፣ በትከሻዋ ነገረችኝ፣
የእሷ ዕብራይስጥና የእኔ ዕብራይስጥ ተደጋግፈው።
በማግስቱ ክዳኑን በሻሽ ለወጥሁት።
«ይተንፍስ እንጂ!» አለች እትዬ፤ «ምን በደለህና አፈንከው?»

ፋሲካ ሊገባ አራት ቀን ሲቀር ስልኩ ጮኸ፣ እሷም ጮኸች፦
«ገብስ እኮ ሐሜጽ ነው! ወይ አለማሰቤ!» አለች።
ጠላው ገና አልጠለለም፤ ድፍርስ ነው
እንደ ሐምሌ ጎርፍ።
«ወይ ጠጣው፣ ወይ ድፋው፤ ሌላ መንገድ የለም፤ አትለፍልፍ።»

ሃያ አምስት ሊትር። አንድ ሰው። አራት ሌሊት።
በአሮጌ መጋረጃ አጠለልሁና ጉሹን ወደ ደረጃው አወጣሁት።
ዚናይዳ ጨው ዓሣ አመጣች፤ ፕሮስፐር መጥቶ
«ይህን በርሜል በሕይወቴ አይቼው አላውቅም» አለ፣ ብርጭቆውን ግን ዘርግቶ።
አባ ቸኮል ከምድር ቤት በከዘራ ወጡ፤ ስማቸው እንጂ እሳቸው አይቸኩሉም፤
አንድ ጊዜ ተጎነጩ። አፋቸውን ጠረጉ። አይናገሩም።
ደረጃው ሁሉ ይጠብቃል።
«ጌሾው በዝቷል» አሉ። «ብቅሉ አንሷል። አሻሮው አሯል።»
ብርጭቆዋን አዩዋት።
«ቅዳ» አሉ።

በፋሲካ ዋዜማ፣ ሐሜጹ በየግቢው ሲቃጠል፣
አተላውን ከሕንጻው ጀርባ ሎሚዋ ሥር ደፋሁ።
«ድሮ ቢሆን ጋኑንም እንሰብረው ነበር» አሉ አባ ቸኮል፤
በርሜሉን በከዘራቸው ቢመቱት ነጥሮ ተመለሰባቸው።

ረፋድ ላይ በሰፈራችን በኩል ስነዳ፣
ያቺ የጣሪያዬ ርግብ፣ አተላ የጠገበች፣
መሃል መንገድ ላይ፣ በእግሯ፣ ወዲያ ወዲህ፤
ጥሩምባ ብነፋም አትሰማ።
ከኋላዬ መኪና ይጮኻል፣ ተሳፋሪ ሰዓቱን ያያል፤
ሞተሩን አጥፍቼ ጠበቅኋት፣
እስኪበቃት።